ጆሮ አንድ ሁለት ሦስት

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ዛሬም እንደ ትናንት። ሠላሳ አንድ ሰው መዘገብኩ። አሥራ አንዱ ስሙን ሦስት ሦስት ጊዜ አስጮኸኝ። የጆሮ ክሊኒክ መዝገብ ቤት መሥራት ማለት ይኸው ነው... ሃያ ሁለት ዓመት ስጮህ ኖሬ ቤትም ገብቼ እጮሃለሁ። ጋሼ "እኔ እኮ እሰማለሁ" ይለኛል በየምሽቱ። አርባ ዓመት የሰው ቁልፍ ሲጠግን ኖሮ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ታናሽ እህቱን ማረም ሆኗል።

ከሰዓት የምርመራ ክፍሉ ኮምፒውተር ተዘጋ። መርማሪው ከኮሪደሩ ጫፍ ሆኖ "እትዬ፣ የይለፍ ቃሉ ምን ነበር?" አለ። እኔም ከወንበሬ ሳልነሳ "ጆሮ አንድ ሁለት ሦስት" አልኩት። አልሰማም። ደገምኩለት።

ዞር ስል ኬብሌ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። ማክሰኞና ሐሙስ የሚመጣው የኔትወርክ ባለሙያ። አንገቱ ላይ ኬብል ጠምጥሞ ስለሚዞር እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ የለም። "መጠበቂያው ውስጥ ስንት ሰው አለ እትዬ?" አለኝ። አሥራ አራት አልኩት። "እንግዲህ አሥራ አራት ሰው የይለፍ ቃላችንን አወቀ።"

"ግማሹ እኮ አይሰማም" አልኩት።

"አስታማሚዎቹ ይሰማሉ።"

እሱ አልሳቀም። እኔ ግን እስካሁን እያሳቀኝ ነው።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

ኬብሌ ሁላችንንም ሰብስቦ ወረቀት አደለን። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ የይለፍ ቃል... ረጅም። ከወንበር ሲነሱ ኮምፒውተሩን መቆለፍ። "አሻሽለኝ" እያለ ሲለምን "በኋላ" የሚለውን መጫን ማቆም (ስምንት ወር ሙሉ "በኋላ" ስል መኖሬን በምን አወቀ?)። በሽተኞች ስልካቸውን የሚያገናኙበትን ዋይፋይ ከመዝገቡ መስመር መለየት። ሥራ የለቀቀ ሰው መግቢያ በዚያው ቀን ይዘጋ። ያላወቁትን መልእክት አለመክፈት፤ ከከፈቱም ቶሎ መናገር።

ጆሮ ዳባ ልበስ አልነው። እኛን ደግሞ ማን ይሰርቀናል? ጥሩምባ ቢነፋለት የማይሰማ ሰው የጆሮ ምርመራ ሠንጠረዥ ማን ወስዶ ምን ያደርገዋል?

መቆለፍ የሚለው ግን አበገነኝ። እዚህ ቤት የጠዋት ፈረቃ ለከሰዓቱ ኮምፒውተሩን ከፍቶለት ነው የሚሄደው። ያስለመድኩት እኔ ነኝ። ያኔ ኮምፒውተር እንደገባ አንዷ ቆልፋ ሄዳ፣ አንድ ሕፃን በእናቱ እቅፍ ሁለት ሰዓት ሲያለቅስ ካርዱን ማውጣት አቃተን። ከዚያ ወዲህ ቆልፎ መሄድ "ሌባ ነህ" ብሎ እንደ መስደብ ነው። ይህንኑ ተነስቼ ተናገርኩ። አጨበጨቡልኝ።

ኬብሌ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ዶክተርም "እናስብበታለን" አለች። የክሊኒኩ ኃላፊ እናስብበታለን ካለች... በቃ፣ ሞተ ማለት ነው።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

የዘጠኝ ዓመት ደንበኛችን ልብስ ሰፊው አባባ ለቀጠሮ መጥተው ነበር። ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍብኝ ጎንበስ ብለው "ጆሮ አንድ ሁለት ሦስት በይው" አሉኝ። ወይ ጉድ። እሳቸውም ሰምተዋል?

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ኬብሌ ሐሙስ ሐሙስ የመዝገቡን ሁሉ ቅጂ በዲስክ ይገለብጣል። ዛሬ "እትዬ፣ ስጨርስ ነቅለው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ይቆልፉበት። ተሰክቶ አይደር" አለኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ነቀልኩት... እውነቱን ለመናገር ጠረጴዛዬ ላይ ሽቦ ሲንዘላዘል ስለማልወድ ነው። የቁም ሳጥኑ በር እየተበረገደ ሲያስቸግረኝ ጋሼ የሰጠኝ ጓጉንቸር አለ፣ እሱን ከረቸምኩበት።

"ሌላ ቅጂ ደግሞ በኢንተርኔት፣ ደመና ላይ ብናስቀምጥ ጥሩ ነበር" አለኝ። ለጋሼ ብነግረው "ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ" ብሎ ራቱን እስኪጨርስ ሳቀ። እኔም አብሬው።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

ምንም አልሆነም ይሆናል። ለራሴ እንኳ ልጽፈው አፈርኩ።

ጠዋት ከዶክተር መልእክት መጣ። "አስቸኳይ። የአዲሱ ፈረቃ ድልድል ተያይዟል። ከስድስት ሰዓት በፊት አይተው ያረጋግጡ።" ከፈትኩት። የይለፍ ቃል ጠየቀ፣ ሰጠሁት። ባዶ ገጽ መጣ። እንደገና ሞከርኩ... ባዶ። ማያው አንዴ ብልጭ ብሎ ተመለሰ።

ዶክተር "አስቸኳይ" ብላ ጽፋ ታውቃለች? አታውቅም። የምትፈልገው ነገር ካለ ራሷ ትመጣለች። የላኪውን አድራሻ ዳግም አየሁት። የእሷው ነው፤ መሃሉ ላይ ግን አንድ ፊደል ተጨምሮበታል።

ገጹን ቶሎ ዘጋሁት።

ኬብሌ እዚያው ኮሪደር ላይ፣ መሰላል ላይ ነበር። ልጠራው አፌን ከፍቼ ነበር... ሰው ሁሉ እየሰማ? እንዲያ ተነስቼ ካስጨበጨብኩበት በኋላ? በሽተኛ መጣ። መዘገብኩ። ሌላ መጣ። ኬብሌም መሰላሉን አጥፎ ሄደ።

ምንም አልሆነም ይሆናል።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ምንም የለም። ሁሉም ደህና። ይኸው፣ በከንቱ ነው የፈራሁት።

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

ጉድ ፈላ።

ጠዋት ስገባ ማያው ቀይ ነው። መዝገባችሁ ተቆልፏል፣ ክፈሉ ይላል። የእኔ፣ የምርመራ ክፍሉ፣ የመድኃኒት ክፍሉ፣ የዶክተር... ሁሉም ቀይ። ሁሉም በአንድ የይለፍ ቃል አይደል የሚከፈተው? አንዱን ያገኘ ሁሉንም አገኘ።

መጠበቂያው ሞልቷል። ልብስ ሰፊው አባባ የጆሮ ማዳመጫቸውን ሊያስተካክሉ መጥተዋል። የሚስተካከለው የዘጠኝ ዓመት ሠንጠረዣቸውን እያዩ ነው። ሠንጠረዥ የለም። "ዛሬ አንሠራም" ስላቸው አልሰሙኝም። መጮህ ነበረብኝ። ለካ መጮህም ያቅታል።

ኬብሌ እየሮጠ መጣ። ኬብሎቹን ሁሉ ነቃቀለ። ከዚያ ወደ እኔ... "እትዬ፣ ዲስኩ?" ጓጉንቸሩን ከፈትኩለት። ዲስኩ እንዳስቀመጥኩት አለ። ወለሉ ላይ ቁጭ አለ ሰውየው። "ተሰክቶ ቢሆን ኖሮ እሱንም ይቆልፈው ነበር" አለኝ። እንግዲህ የጠፋብን ከዓርብ እስከ ትናንት ያለው ብቻ ነው።

ተመስገን ልል ስል ግን ሌላ ነገር ጨመረ። ሌባው ከየት እንደገባ ሳያውቅ ዲስኩን አይሰካም። ያው በር ክፍት ከሆነ ቅጂውም ይበላል፤ ሌላ ቅጂ ደግሞ የለንም።

"ሰሞኑን እንግዳ መልእክት የከፈተ አለ?" አለ፣ ሁላችንንም እያየ።

ማንም አልተነፈሰም። እኔም።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ክሊኒኩ ዝግ ነው። በሩ ላይ ወረቀት የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ለዶክተር ፋይል ላስፈርም ስገባ ኬብሌ እዚያ ቆሟል። "እንድትጠብቀን ነበር የቀጠርንህ" ትለዋለች። ጮክ ብላ አይደለም፤ ዝግ ብላ። ይህ ይብሳል። "ወሩ ሲያልቅ ሌላ ሰው እንፈልጋለን።" እሱ "ዝርዝሩን ሰጥቼ ነበር" አለ። መንታ ልጆች አሉት፤ ፎቷቸውን ስልኩ ላይ አሳይቶኛል፣ ሁለቱም ጥርሳቸው ወልቆ።

ፋይሉን አስፈርሜ ወጣሁ። ፋይሉን ቦታው መለስኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጡረታዬ አሥራ አራት ወር ነው የቀረው። አሥራ አራት ወር... ሃያ ሁለት ዓመት ስሜን ጠብቄ፣ መጨረሻዬ "ክሊኒኩን ያዘጋችው ሴትዮ" ይሁን?

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ጋሼ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ የጎረቤት ቁልፍ ዘይት ያጠጣል። ጡረታ ወጥቶም አልተወውም። አጠገቡ ተቀምጬ "አንዲት የሥራ ባልደረባዬ..." ብዬ ጀመርኩ። መልእክቱን፣ ዝምታውን፣ ኬብሌን፣ ሁሉንም በባልደረባዬ ላይ ደፍድፌ ነገርኩት።

ዘይቱን አስቀመጠ። ቀስ ብሎ "አርባ ዓመት ሌባ የገባበት ቤት እየተጠራሁ ሄጃለሁ" አለ። "የተሰበረ በር ያየሁት ጥቂት ነው። ብዙውን ባለቤቱ ነው ክፍት የተወው። ሁሉም ግን 'ቆልፌ ነበር' ይሉኛል። ያፍራሉ። እኔም አምኜ ደህናውን ቁልፍ ፈትቼ ስቀይር እውላለሁ። ሌባውም በሳምንቱ በዚያው በተረሳው መስኮት ይመለሳል።"

"ታዲያ ምን ታድርግ?"

"መስኮቱን ታሳየው። ቁልፍ ሠሪ ሌላ የሚፈልገው ነገር የለም።"

ዘይቱን መልሶ አነሳ። ከዚያ "ለመሆኑ ያቺ ባልደረባሽ ጡረታዋ ስንት ቀራት?" አለኝ።

"አሥራ አራት ወር።"

ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው የነቃሁት። ቀና ብሎ አላየኝም። ዘይቱን ማጠጣት ቀጠለ።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ልብስ አጠብኩ። የታጠበውንም ደግሜ አጠብኩ። ነገ።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ

ነገርኳት።

በሩን ዘግቼ ቆሜ ነው የነገርኳት። "ዶክተር፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ። በእርስዎ ስም የመጣ መልእክት።" በአንድ ትንፋሽ። ደግሜ እንድለው እንዳታደርገኝ ብዬ ጮክ አድርጌ ነው መሰለኝ ያልኩት፤ መርማሪው ኮሪደር ላይ ቆሞ ሰምቷል አሉ።

ብዕሯን አስቀመጠች። "ለምን አልነገሩንም እትዬ?"

"ፈራሁ።"

"ምንን?"

"እርስዎን።"

ይህን ልላት አስቤ አልነበረም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፊቷ ተለዋወጠ... የተቆጣች መስሎኝ ነበር። አልተቆጣችም። "እኔን?" አለች፣ ለራሷ። ከዚያ ስልኩን አንስታ ኬብሌን ጠራችው፤ የእሱ ቀን ሳይሆን።

ለእሱ መንገሩ ይበልጥ ከበደኝ። እሱ ግን የተቀየመ አይመስልም፤ መልእክቱን፣ ሰዓቱን፣ የጫንኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ሲጨርስ "አገኘሁት" አለ። በሩን ማለቱ ነው።

"በዚያው ሰዓት ብነግርህስ?" አልኩት። ባልጠይቀው ይሻለኝ ነበር።

ዋሽቶ ሊያጽናናኝ ይችል ነበር። አልዋሸም። "የእርስዎን ኬብል ነቅለን አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነበር የምናጣው" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ግን እኔም ሰው እንዲነግረኝ የሚያስችል ነገር አላዘጋጀሁም። ዝርዝር አደልኩ እንጂ" አለ።

አለቀስኩ። ይኸው ጻፍኩት።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

ኬብሌ መጀመሪያ ኮምፒውተሮቹን ሁሉ አጽድቶ እንደ አዲስ ጫነ። "በኋላ" ስል የከረምኩትን ማሻሻያ ሁሉ አስገባ። ከዚያ ዲስኩን ሰካ። መርማሪው፣ ዶክተር፣ እኔ... ከኋላው ቆመን እንደ ምጥ እንጠብቃለን።

የመጀመሪያው የተከፈተው የልብስ ሰፊው አባባ ሠንጠረዥ ነበር። ዘጠኙም ዓመት።

ዶክተር ኬብሌን "ወር ሲያልቅ ያልኩህን እርሳው። ያን ወረቀትህን ይዘኸው ና" አለችው። ከኪሱ አወጣው። ያው እንደተጣጠፈ።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ስብሰባ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብሎ አንዱ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። ይጩህ። ሌላም ጅብ አለ።

ዶክተር ተነስታ እንዲህ አለች፦ "ማንም ሊሳሳት ይችላል። ተሳስቶ ቶሎ የተናገረ በእኔ በኩል አይጠየቅም። የምጠይቀው የደበቀውን ነው። ሰው ፈርቶኝ እንደደበቀ ካወቅኩ ደግሞ መጀመሪያ ራሴን እጠይቃለሁ።" ዓይኗ ወደ እኔ አልመጣም። ደግ ናት።

ከዚያ ኬብሌ፣ እሱ በሌለባቸው ቀናት የመጀመሪያ ተጠሪ ያስፈልጋል አለ። አንዳች ነገር የጠረጠረ ሰው የሚደውልለት። "እትዬ ይሁኑ" አለ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔ? በሩን የከፈትኩት?

"ለዚሁ ነው" አለ። "እባብ ያየ በልጥ በረየ።"

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከስንት ቀን በኋላ።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

የየራሳችን የይለፍ ቃል። የኔ አራት የማይገናኙ ቃላት ናቸው። እዚህም አልጽፋቸውም። ማስታወሻዬን ማን ያየዋል? ማንም። ቢሆንም አልጽፍም።

የይለፍ ቃሉ ብቻ ደግሞ አይበቃም፤ ስልኬ ላይ ቁጥር ይመጣል፣ እሱን ካልጨመርኩ አይከፍትም። ለጋሼ ስነግረው "ሁለት ቁልፍ በአንድ በር" አለ። በጣም ደስ አለው። ከሄዱ ሠራተኞች የሰባቱ መግቢያ ዛሬም ይሠራ እንደነበር ስነግረው ግን ማንኪያውን አስቀመጠ። "ተከራይ ሲወጣ ቁልፍ አትቀይሩም እንዴ?"

አንቀይርም ነበር ጋሼ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ከዓርብ እስከ ረቡዕ የጠፋውን እየደወልኩ ስሞላ ሰነበትኩ። ለማይሰማ ሰው ስልክ መደወል... ፈጣሪ ሲቀጣኝ ነው። አንዷ እናት "ምርመራው ወጥቷል እኮ፣ ወረቀቱ እኔ ጋ አለ" ብላ ይዛልኝ መጣች። ስንት ወረቀት በየቤቱ ተቀምጦልን ኖሯል። ከጠፋው ሦስት ሰው ብቻ ቀረኝ። እነሱን እንደገና እንመረምራለን።

ልብስ ሰፊው አባባ ማዳመጫቸው ተስተካከለ። ሲወጡ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ በሹክሹክታ፣ "አዲሱስ ቃል ምን ሆነ?" አሉኝ።

"አይነገርም አባባ።"

"ጎሽ" አሉ። በሹክሹክታ የመለስኩላቸውን ሰምተዋል።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላስበው ቆልፌ ተነሳሁ። የከሰዓቷ ባልደረባዬ በራሷ ቃል ከፈተችው። ማንም አልተሰደበም። የዚያ ሲያለቅስ የነበረ ሕፃን ካርድም ቢያስፈልግ ለመክፈት አሥር ሰከንድ ነው የሚፈጀው... ቆጥሬዋለሁ።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

ኬብሌ ያን የደመናውን ነገር አስገባ። አሁን ቅጂው ሦስት ቦታ ነው፦ እዚህ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ሰማይ ላይ። ጋሼ ወተቷን ሳያይ አያምንም። ኬብሌ ግን በየወሩ አንዱን ቅጂ ከፍቶ እንዲያሳየኝ አስምዬዋለሁ፤ ያልተሞከረ ቁልፍ ቁልፍ አይደለም ያለኝ ጋሼ ራሱ ነው።

የበሽተኞቹ ዋይፋይም ተለየ። መጠበቂያው ውስጥ የፈለጉትን ያድርጉ፣ ወደ እኔ መዝገብ መንገድ የለውም።

ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ

ኬብሌ ሳይነግረን የፈተና መልእክት ልኮ ኖሯል፣ "ሽልማት ደርሶዎታል" የሚል። አራት ሰው ከፈተ። አራቱም ደወሉልኝ። አንዱ መርማሪው ነው። "እኔ እንኳ ልፈትናችሁ ብዬ ነው" አለ። እሺ ጌታዬ።

ጥር 7፣ ረቡዕ

ኬብሌ የማይመጣበት ቀን። አራት ሰዓት ተኩል ላይ የጠረጴዛዬ ስልክ ጮኸ። የውስጥ መስመር።

"እትዬ።" ድምጿን ወዲያው አልለየሁትም፣ ሰልሎብኝ። ዶክተር ናት። "አንድ ነገር ሳልከፍት አልቀረሁም። የመድኃኒት አቅራቢያችን መስሎኝ... ባዶ ገጽ መጣ።"

ባዶ ገጽ። ያውቀዋል ልቤ።

"ስንት ጊዜ ሆነው?"

"ሁለት ደቂቃ።"

ግድግዳው ላይ ካለው ሰማያዊ የኔትወርክ ሳጥን ወደ ኮምፒውተሯ የሚሄደውን ኬብል እንድትነቅል ነገርኳት። ኮምፒውተሩን አታጥፊው፣ ምንም አትንኪ... አንቺ አልኳት መሰለኝ። እየሮጥኩ ደረስኩ። ኬብሉን በእጇ ይዛ ቆማለች። ፊቷን ያኔ ነው ያየሁት። የኔ ፊት ነበር፣ የጥቅምቱ።

"ላልደውል ነበር" አለችኝ። "አንድ አፍታ... ሰው ምን ይለኛል ብዬ።"

"አውቃለሁ" አልኳት። "ደግ አደረጉ የነገሩኝ።" ወንበር ሳብኩላትና አጠገቧ ተቀምጬ ለኬብሌ ደወልኩ።

ከምሳ በፊት ደርሶ አየው። ያው ዓይነት ነው። ከእሷ ኮምፒውተር አልወጣም። እሱን አጽድቶ እንደ አዲስ ይጭንላታል፣ ነገ ትሠራበታለች። በሽተኞቹ ምንም ሳያውቁ ተስተናግደው ሄዱ፤ ሃያ ዘጠኝ ሰው መዘገብኩ። እኔን ስድስት ቀን ፈጅቶብኝ ነበር። እሷን ሁለት ደቂቃ።

ቤት ስገባ ጋሼ "ዛሬስ እንዴት ዋልሽ?" አለኝ።

"ሌባ መጥቶ ነበር" አልኩት።

"ገባ?"

"በር ላይ ቀረ።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ምነው፣ ዛሬ አትጮሂም?" አለና ራት አቀረበልኝ።